ብርቱካን ከዛፉ ከወረደ በኋላ አይበስልም

ጉለሌ ውስጥ ካለው አዲሱ ገበያ ጥሬ ሙዝ ወይም ጠጣር ማንጎ የገዛ ሰው ጥቂት ቀን ቤቱ ቢያቆየው ይበስልለታል። ሙዝ ያጠራቀመው ስታርች ከተቆረጠ በኋላም ወደ ስኳር ይለወጣልና። ብርቱካን ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ስኳሩን የሚያገኘው ከዛፉ ቅጠል ነው፤ ከቅርንጫፉ ሲለይ መንገዱ ይዘጋል። ጮርቃ ሆኖ የተለቀመ ብርቱካን መስኮት ላይ ቢቀመጥ ይጠወልጋል እንጂ አይጣፍጥም።

አበባው ረግፎ ፍሬው ሲቋጠር መጀመሪያ የሚወፍረው ልጣጩ ነው። በጥፍር ሲጫኑት ፍጭጭ የሚለው ዘይት በልጣጩ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቋቶች ይጠራቀማል፤ ከ90 በመቶ በላዩ ሊሞኔን ነው። ቀጥሎ የጭማቂው ከረጢቶች ውሃ ስበው ያብጣሉ፤ ሲትሪክ አሲድም ይሞላባቸዋል። ጥርስ የሚያጠርሰው በዚህ ዕድሜው ነው። ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፍሬው አሲዱን ለራሱ ጉልበት ያቃጥለዋል፣ የሚገባው ውሃ ያቀጥነዋል፣ ስኳሩም ይጨምራል። ምላሳችን የሚፈርደው በስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በስኳርና በአሲድ ሚዛን ነው፤ ትልልቅ እርሻዎችም የመልቀሚያ ጊዜን የሚወስኑት ይህንኑ ለክተው ነው። በበሰለ ብርቱካን ጭማቂ ውስጥ አሲዱ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ሎሚ ግን ቢጫ ሆኖ እንኳ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ ይቆያል።

ያለጊዜው የተለቀመ ብርቱካን ሌላም ጣጣ አለው። ሲጨመቅ ደህና የነበረው ጭማቂ ቆይቶ ይመራል። ምክንያቱ በጭማቂው አሲድ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈጠረው ሊሞኒን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ነው። ዛፉ ላይ የቆየ ፍሬ የሊሞኒንን መነሻ ከስኳር ጋር አጣምሮ ምሬቱን ያጠፋዋል።

ብስለት የሚለውጠው ጣዕሙን ብቻ አይደለም። እዚሁ ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የቀድሞው የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የጀመረውን የአገራችን ምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ የወረሰ ተቋም ነው። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም የትኛውንም የምግብ ሰንጠረዥ ስናነብ የፍሬው ዕድሜ ቁጥሩን እንደሚለውጥ ማሰብ ይገባል፤ ብርቱካን እየበሰለ ሲሄድ በእያንዳንዱ ግራም ያለው ቫይታሚን ሲ እየቀነሰ ይመጣል።

ብዙ ሸማች የሚሳሳተው ግን በቀለሙ ነው። ልጣጩ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ጥሎ ብርቱካናማዎቹን ካሮቲኖይዶች የሚያወጣው ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ያለው ጉለሌ በኅዳርና በታኅሣሥ ይህ ብርድ ሞልቶታል። ስለዚህ በግቢ የበቀለ መንደሪን ደምቆ ሊያምር ይችላል፤ ያው ብርድ ግን አሲዱ ቶሎ እንዳይቃጠል ስለሚይዘው ጎምዛዛ እንደሆነ ይቆያል። ቆላ ላይ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሙቀቱ አሲዱን ፈጥኖ ይጨርሰዋል፣ ሌሊቱም ስለማይበርድ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ ይጣፍጣል። ነጋዴ በኤቲሊን ጋዝ ልጣጩን ቢያቀላውም የሚለወጠው ልጣጩ ብቻ ነው። ከሁለት እኩያ ብርቱካኖች መካከል፣ አረንጓዴም ቢሆን፣ እጅ ላይ ከበድ የሚለው ጭማቂ የሞላው ነው።