በአሮጌ ፒክአፕ ስር የሚገባ አዲስ ዲፈረንሻል

እ.ኤ.አ. በ1947 አጋማሽ ሸቭሮሌት ከጦርነቱ በኋላ እንደ አዲስ የነደፋቸውን የጭነት መኪኖች ለገበያ አቀረበ። ከመካከላቸው ትንሹ 3100 የሚባለው የግማሽ ቶን ፒክአፕ ነበር። ፊቱ ላይ አምስት አግድም ብረቶች የተደረደሩበት፣ ትከሻው ክብ ክብ ያለው ይህ መኪና ዛሬም አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪና በሚያድሱ ሰዎች ዘንድ እጅግ ይወደዳል። ብዙዎቹ ባለቤቶች መኪናቸው ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ እንዲቆም አይፈልጉም፤ ሊነዱት ይፈልጋሉ። ሀይዌይ ላይ ሲወጡ ግን ሞተሩ ከአሁን አሁን ፈነዳ በሚያሰኝ ጩኸት ይሄዳል፣ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ደግሞ እየቀደመ ያልፋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል የተቀመጠው ዲፈረንሻል ነው።

ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ሻፍት ጫፉ ላይ ፒኞን የምትባል ትንሽ ጥርስ አለችው። ፒኞኗ ኮሮና ከሚባለው ትልቅ ክብ ጥርስ ጋር ተናክሳ የሻፍቱን ዙር ወደ ጎማዎቹ ታዞረዋለች። በ3100 ላይ የሁለቱ ምጣኔ 4.11 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሻፍቱ ከአራት ጊዜ በላይ መዞር አለበት ማለት ነው። ስሌቱን ማንም ሰው በወረቀት ሊሠራው ይችላል። ዲያሜትሩ 71 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር 2.23 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በደቂቃ 747 ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ይህን በ4.11 ስናባዛው 3,070 ይመጣል። የድሮው ካምቢዮ በመጨረሻው ማርሽ ዙሩን አንድ ለአንድ ስለሚያሳልፍ ሞተሩም የሚዞረው በዚሁ ልክ ነው። የ3100 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ 90 የፈረስ ጉልበቱን አሟጦ የሚሰጠው በ3,300 ዙር ላይ ነው። ዛሬ ተራ የሚባለው የሀይዌይ ፍጥነት ለዚህ ሞተር የአቅሙ ጫፍ አጠገብ ነው።

የሞተሩ የዘይት አሠራርም ይህን አያበረታታም። በዚህ ባለ 216 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ቢዬላ ታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ማንኪያ መሳይ ብረት አለው፤ በየዙሩ ከታች ካለው ገንዳ ዘይት እየጨለፈ ራሱን ያለሰልሳል። የቢዬላው መቀመጫ ላይ የፈሰሰው ለስላሳ ብረትም ለረጅም ሰዓት ከፍተኛ ዙር የታሰበ አይደለም። ለጭነት መኪኖቹ በግፊት የሚቀባ ሞተር የመጣው በ1954 ሞዴል ነው። የዘመኑ መሐንዲሶች ግን አልተሳሳቱም። አሜሪካ ውስጥ የኢንተርስቴት አውራ ጎዳናዎችን ያስጀመረው ሕግ የወጣው በ1956 ነው። 3100 የተነደፈው ከዚያ በፊት፣ ከእርሻ ወደ ገበያ በሚወስድ ጠባብ መንገድ፣ ጭነት ይዞ ዳገት እንዲወጣ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶም እንዲወጣ ነው። ለዚያ ሥራ 4.11 ትክክለኛ ቁጥር ነበር።

እንግዲህ ምጣኔውን ወደ 3.55 ብናወርደውስ? በዚያው 100 ኪሎ ሜትር ሞተሩ 2,650 ዙር ላይ ይሄዳል፤ 14 በመቶ ያህል ያርፋል ማለት ነው። ነገር ግን ተፈጥሮ በነጻ የምትሰጠው ነገር የለም። ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይልም በየማርሹ በዚያው 14 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይጨምራል። አምስተኛው ማርሽ ዙሩን ወደ 0.73 ዝቅ የሚያደርግ ቢሆን፣ ዲፈረንሻሉም 3.27 ቢሆን፣ ሞተሩ በ100 ኪሎ ሜትር 1,780 ዙር ላይ ይንፏቀቃል። ለትልቅ ቪ-8 ሞተር ይህ ምቾት ነው። ለ90 ፈረስ ጉልበት ሞተር ግን ትንሽ ዳገት በመጣ ቁጥር ማርሽ መቀነስ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የፋብሪካውን ሞተርና ባለ ሦስት ማርሽ አሠራር ለሚያቆይ ሰው 3.55 ወይም 3.73 ይበቃዋል፤ አምስተኛ ማርሽ ለጨመረ ሰው ደግሞ ከ3.73 በታች መውረድ አይጠቅመውም።

ምጣኔው ከተወሰነ በኋላ ዲፈረንሻሉን የያዘውን አሮጌ አክስል ፈትቶ አዲሱን ማሠር ብቻ የሚቀር ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። እስከ 1954 በተሠሩት 3100ዎች ላይ ረጅሙ ሻፍት ውጪ አይታይም፤ ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ተቀብሯል። ቱቦው ከአክስሉ ጋር በቡሎን የታሠረ ነው፤ የፊተኛው ጫፉ ደግሞ ከካምቢዮው ጀርባ በኳስ መሳይ መገጣጠሚያ ይያያዛል። ሥራው ሻፍቱን ከአቧራ መሸፈን ብቻ አይደለም። ጎማዎቹ ወደ ፊት ሲገፉ የአክስሉ አካል በተቃራኒው አቅጣጫ ለመጠምዘዝ ይሞክራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። ይህን ጠመዝማዛ ኃይል የሚይዘው ያ ቱቦ ነው። ዘመናዊው አክስል ቱቦ የለውም፤ ሻፍቱ ክፍት ነው፣ በሁለቱም ጫፉ ክሮቼራ አለው። ስለዚህ ጠመዝማዛው ኃይል ወደ ባሌስትራዎቹ ይተላለፋል፣ የካምቢዮው ጀርባም ለክፍት ሻፍት የሚሆን መሆን አለበት። አክስል እለውጣለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ካምቢዮንም ባሌስትራንም ነክቷል።

ለዚህ ሥራ ብዙ ሰው ከሚመርጣቸው አንዱ ከፎርድ ኤክስፕሎረር የሚወጣው አክስል ነው። የኮሮናው ዲያሜትር 8.8 ኢንች፣ ማለትም 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወደ ጎማ የሚሄዱት ሻፍቶች 31 ጥርስ ያላቸው ጠንካሮች ናቸው፤ ከ1995 እስከ 2001 በተሠሩት ላይ ደግሞ ዲስክ ፍሬን አብሮ ይመጣል። 3.55፣ 3.73 እና 4.10 ምጣኔ ያላቸው ከተቆራረጡ መኪኖች ግቢ በቀላሉ ይገኛሉ። ሸቭሮሌት ስር የፎርድ አክስል መግባቱ አንዳንዱን ያስቆጣል። እኔ ግን ብረት ወገን የለውም ባይ ነኝ፤ ሊታይ የሚገባው ልኩና ጥንካሬው ነው።

ሥራው በትክክል መሠራቱን ወይም መበላሸቱን የሚወስነው ግን የክሮቼራው አንግል ነው። መኪና ከሚታደስባቸው ነገሮች ሁሉ በዓይን የማይታየውና በጆሮ የሚሰማው ይህ ነው። ክሮቼራ ሁለት ሻፍቶችን በአንግል ሲያገናኝ የሚያሳልፈው ዙር እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ሻፍት ወጥ በሆነ ፍጥነት ቢዞር እንኳ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። አንግሉ 5 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከግማሽ በመቶ በታች ነው። 10 ዲግሪ ሲሆን አንድ በመቶ ተኩል ያህል ይሆናል፤ አንግሉ እጥፍ ሲሆን መንቀጥቀጡ አራት እጥፍ ያድጋል። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚደጋገም ምት ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው እንደማያቋርጥ ጉርምርምታ ነው፤ ኩሽኔታዎቹ የሚሰማቸው ደግሞ እንደ መዶሻ ነው።

መድኃኒቱ ቀላልና የሚያምር ነው። ሁለተኛው ክሮቼራ የመጀመሪያውን ስህተት እንዲያርም ማድረግ። የካምቢዮው መውጫና የፒኞኗ መስመር ትይዩ ከሆኑ፣ በሁለቱም ጫፍ ያለው አንግል እኩል ስለሚሆን የፊተኛው ሲያፈጥን የኋለኛው ያዘገያል፣ ፒኞኗም ወጥ በሆነ ፍጥነት ትዞራለች። ካምቢዮው በኋላ በኩል 3 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነበለ ከሆነ ፒኞኗ 3 ዲግሪ ወደ ላይ ትመለከታለች። ይሁንና ባሌስትራ ስለሚጠማዘዝ፣ መኪናው ሲነዳ የአክስሉ አፍንጫ ትንሽ ይነሳል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሲለካ ፒኞኗን ከትይዩው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርጎ መተው ልማድ ነው። ዜሮ አንግልም አይፈለግም። ክሮቼራው ውስጥ ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ላይ እየተጫኑ ብረቱን ይሰረጉዱታል። ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው በራሱ ክብደት ጎማዎቹ ላይ ቆሞ ነው እንጂ በክሪክ ተነስቶ፣ ባሌስትራው ተንጠልጥሎ አይደለም።

የኤክስፕሎረሩ አክስል አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ፒኞኗ መሃል ላይ አይደለችም፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ትላለች። 1.4 ሜትር ርዝመት ባለው ሻፍት ላይ ይህ 2 ዲግሪ የጎን አንግል ይጨምራል። ከላይ ወደ ታች ያለው 3 ዲግሪ ከሆነ ሁለቱ ተዳምረው 3.6 ዲግሪ ገደማ ይሆናሉ፤ ይህ አያስጨንቅም። መሃል እንዲሆንለት የሚፈልግ ሰው ረጅሙን የግራ ቱቦ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አስቆርጦ በሁለቱም በኩል አጭሩን ሻፍት ያስገባል።

ብየዳው የታወቀ ብልሃት ይጠይቃል። ለባሌስትራው የሚሆኑ አዳዲስ መቀመጫዎች አክስሉ ላይ የሚበየዱት አንግሉ ተለክቶ፣ በጥቂት ነጥብ ተይዞ፣ እንደገና ከተለካ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ዙሪያውን ቢበየድ ሙቀቱ ቱቦውን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ቱቦ ደግሞ ኩሽኔታና ጎማ ይበላል። አጫጭር መስመር እየበየዱ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተፈራረቁ፣ እንዲቀዘቅዝ እየጠበቁ መሥራት ነው። የ8.8 መሃሉ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ እሱን መበየድ ሌላ ዕውቀትና ሌላ ኤሌክትሮድ ይጠይቃል።

ጎማውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የ3100 ቸርኬ የሚታሠረው 139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ በተደረደሩ ስድስት ቡሎኖች ነው። አገራችን ውስጥ ባለ አራት ጎማ መንጃ ሃይሉክስ የያዘ ሰው ይህን ልክ ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ያው ነው። የኤክስፕሎረሩ ግን 114.3 ሚሊ ሜትር ላይ አምስት ቡሎን ነው። ፊት ስድስት፣ ኋላ አምስት ሆኖ መሄድ ይቻላል፣ ግን አንድ ትርፍ ጎማ አይበቃም።

ፍሬኑን በመጨረሻ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ሰው የሚሞትበት እዚህ ስለሆነ ነው። ዲስክ ኋላ፣ አሮጌ ታምቡር ፊት ማድረግ ማሻሻል ይመስላል። መኪና ፍሬን ሲይዝ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሸጋገራል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በ3100 ላይ 2.95 ሜትር ያህል ነው። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ብንልና ሰውየው አጥብቆ ፍሬን ቢይዝ፣ በስበት ፍጥነት 0.6 ያህል እየዘገየ፣ ከጠቅላላ ክብደቱ 13 በመቶ ያህሉ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ላይ 40 በመቶ ተሸክሞ ከነበረ 27 በመቶ ይቀረዋል። በዚህ የቀለለ ጎማ ላይ ጠንካራ ፍሬን ካረፈ የኋላው ቀድሞ ይቆለፋል፣ የተቆለፈ ጎማ ወደ ጎን መንሸራተትን መያዝ አይችልም፣ መኪናው ይሽከረከራል። ስለዚህ ወይ ፊቱም ዲስክ ይደረጋል፣ ወይ የኋላውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ይገባል። በዚያው ዋናው የፍሬን ፖምፓም መለወጥ አለበት። የድሮው ፖምፓ ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ቱቦ ቢፈስ አራቱም ፍሬን ይጠፋል። ለታምቡር የተለካ ስለሆነም ዲስክ የሚጠይቀውን ግፊት በሚገባ አይሰጥም። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ማገናኘትም አይረሳ፤ የኤክስፕሎረሩ ዲስክ መሃሉ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ታምቡር አለው።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገርም አለ። የፍጥነት መቁጠሪያው የሚዞረው ከካምቢዮው መውጫ ነው። ምጣኔው ከ4.11 ወደ 3.55 ከወረደና መቁጠሪያው ካልተስተካከለ፣ መኪናው በእውነት 100 ሲሄድ ቆጣሪው 86 ያሳያል። አሽከርካሪው ዝግ ብዬ ነው የምሄደው ብሎ ያምናል። የመቁጠሪያዋን ትንሽ ጥርስ መለወጥ ይህን ያስተካክለዋል።

ሥራው የሚያስቆጭ አይደለም፣ መኪናውን በእውነት ለሚነዳ ሰው። በወር አንዴ ለትዕይንት ብቻ የሚወጣ መኪና ከሆነ ግን እንዳለ ይቅር፤ 4.11ም ቱቦውም የታሪኩ አካል ናቸው። የሚለውጥ ሰው ደግሞ አሮጌውን አክስል ከነቱቦውና ከነካምቢዮው ዘይት ቀብቶ፣ ጠቅልሎ፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው፤ መኪናውን ነገ የሚረከብ ሰው ወደ ቀድሞው መመለስ ሊፈልግ ይችላል። አዲሱን ከገጠማችሁ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የምትሞክሩት ፍጥነቱን ሳይሆን ፍሬኑን ይሁን፦ ሰውና መኪና በሌለበት ደረቅ ሜዳ ላይ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ጀምሮ፣ የኋላው ጎማ ቀድሞ አለመቆለፉን እያያችሁ።