«ክብደት» እና «መጠነ ቁስ»፦ አንድ ዕቃ በሌላ ፕላኔት ላይ ምን ያህል ይከብዳል?

በሳይንስ መጻሕፍት ትርጒም ሥራ አዘውትሮ የሚያጋጥም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በምድር ላይ 100 ኪሎግራም የሆነ ዕቃ በማርስ ላይ ክብደቱ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ቃሉ ነው። አማርኛችን «ክብደት» በሚለው አንድ ስያሜ ሁለት ነገሮችን ይጠራልና።

በቡታጅራ ገበያ የማረቆ በርበሬ፣ በወልቂጤም ቆጮ የሚገዛ ሰው «ክብደቱ ስንት ነው?» ሲል የሚጠይቀው ስለ ሸቀጡ ብዛት ነው። አንድ ኪሎ በርበሬ ባለ ሁለት ሳሕን በሆነ ሚዛን ማርስ ላይ ቢመዘን፣ በርበሬውም የብረት መመዘኛውም እኩል ስለሚቀሉ ሚዛኑ ያው አንድ ኪሎ ይላል። በሞላ በሚሠራ ሚዛን ቢንጠለጠል ግን ሞላው እምብዛም ስለማይሳብ 380 ግራም ያህል ያሳያል። የፊተኛው የለካው የቁሱን ብዛት ነው፤ የኋለኛው ፕላኔቱ ቁሱን የሚስብበትን ኃይል ነው። የፊተኛውን «መጠነ ቁስ»፣ የኋለኛውን «ክብደት» እንላለን።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው የስበት ሕግ መሠረት፣ ሁለት አካላት የሚሳሳቡበት ኃይል መጠነ ቁሳቸው ሲበዛ ይጨምራል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። የማርስ መጠነ ቁስ የምድር 0.107፣ ሬዲየሷ የምድር 0.532 ነው። 0.107 ለ0.532 ስኩዌር ሲካፈል 0.378 ይሆናል። ይህ በምድር የስበት ጥንካሬ፣ በ9.81፣ ሲባዛ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም 3.71 ኒውተን ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ኩንታል በማርስ ላይ 371፣ በጨረቃ ላይ 162 ኒውተን ይከብዳል።

ልዩነቱን ለማየት ከምድር መራቅ አያስፈልግም። ወልቂጤና ቡታጅራ ለምድር ወገብ የቀረቡ፣ ከባሕር ጠለል በላይም ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍ ያሉ ስለሆኑ የስበቱ ጥንካሬ በዚያ 9.78 ገደማ ነው፤ በዋልታዎች 9.83 ነው። ስለሆነም በቡታጅራ 978 ኒውተን የሚከብድ ኩንታል በዋልታ 983 ይከብዳል። ኩንታልነቱ ግን አይለወጥም።

ተርጓሚው ሁለቱንም «ክብደት» ቢላቸው ጉዳቱ ይህ ነው፦ ተማሪው «ክብደት በማርስ ይቀንሳል» መባሉን ይዞ 100 ኪሎግራሙን ወደ 38 ያወርዳል፤ ይህንኑ በ3.71 ሲያባዛ 141 ኒውተን ያገኛል። ስበቱን ሁለት ጊዜ ቀነሰው ማለት ነው። ስሕተቱ ግን ከሒሳብ ችሎታው ሳይሆን ከቃሉ የመጣ ነው።

ለቁሱ ብዛት «ግዝፈት» የሚለውን የሚመርጡ አሉ። ቃሉ ከግዕዙ «ገዝፈ» የወጣ፣ በሊቃውንቱም ዘንድ የ«ረቂቅ» ተቃራኒ በመሆኑ ክቡር ምንጭ አለው። ይሁን እንጂ በዛሬው አነጋገር «ግዙፍ» ማለት ትልቅ ማለት ነው። አንድ ኩንታል በርበሬ ከአንድ ኩንታል ብረት ይልቅ እጅግ ግዙፍ ነው፤ መጠነ ቁሳቸው ግን እኩል ነው። «መጠነ ቁስ» ከዚህ አሻሚነት የጸዳ ነው።

ስለዚህ ለተርጓሚዎች የምናሳስበው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ከኪሎግራም ጋር «መጠነ ቁስ»፣ ከኒውተን ጋር «ክብደት» ይጻፍ።

ለ. ጥያቄው «መጠነ ቁሱ 100 ኪሎግራም የሆነ ዕቃ በማርስ ላይ ክብደቱ ስንት ኒውተን ነው?» ተብሎ ይተርጎም።

ሐ. የገበያው «ክብደት» በገበያ እንዳለ ይቆይ፤ ቃሉ በዚያ ማንንም አላሳሳተምና።