ስኳርን ከፕሮቲን የማላቀቅ ዘዴዎች፦ አጭር ዳሰሳ

በሰውነታችን ካሉት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ የስኳር ሰንሰለት ይሸከማሉ። የደም ዓይነት ኤ እና ቢ የሚለዩት በሰንሰለቱ ጫፍ ባለ አንድ የስኳር ዓይነት ነው። ለኩላሊት ሕሙማን የሚሰጠው ኤሪትሮፖይቲን ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው፤ የሰንሰለቱ ጫፍ ከጎደለ መድኃኒቱ ከደም ቶሎ ይወገዳል። ይህን ለመመርመር በቅድሚያ ስኳሩን ሳይጎዱ ከፕሮቲኑ ማላቀቅ ያስፈልጋል።

ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር የሚያያዘው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። ኤን-ትስስር የሚባለው ከአስፓራጂን ናይትሮጅን ጋር፣ ኦ-ትስስር የሚባለው ደግሞ ከሴሪን ወይም ከትሪዮኒን ኦክስጅን ጋር ነው። ለመጀመሪያው ፒኤንጌዝ ኤፍ የተባለ ኢንዛይም አለ። ሁሉንም የኦ-ትስስር ሰንሰለቶች የሚያላቅቅ ኢንዛይም ግን ስላልተገኘ ኬሚካላዊ ዘዴዎች ዛሬም ተፈላጊ ናቸው።

ቀዳሚው ዘዴ ቤታ-ኢሊሚኔሽን ነው። ፕሮቲኑ በቀጭን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ውስጥ ሲሞቅ የኦ-ትስስር ሰንሰለቶች ይላቀቃሉ። ችግሩ አልካሊው የተላቀቀውን ሰንሰለት ከጫፉ ጀምሮ እየላጠ ማጥፋቱ ነው። ይህን ለመከላከል ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ይጨመራል፤ ሰንሰለቱ ይተርፋል፣ ነገር ግን በጫፉ ላይ የሚያበራ ቀለም የማያያዝ ዕድሉ ይዘጋል።

ሃይድራዚን ይህን ዕድል ክፍት ያደርጋል። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በአመዛኙ የኦ-ትስስርን፣ በ95 ዲግሪ ግን ሁለቱንም ያላቅቃል። ናሙናው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ ሃይድራዚኑ ከስኳሩ የሚያስወግዳቸው አሴቲል ቡድኖችም በአሴቲክ አንሃይድራይድ መመለስ አለባቸው። ከሁሉም በላይ ሃይድራዚን መርዛማና ፈንጂ ስለሆነ ጥሩ የጭስ ማውጫ በሌለው ላቦራቶሪ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም።

ትራይፍሎሮሜቴንሰልፎኒክ አሲድ የሚያገለግለው ለተቃራኒው ዓላማ ነው፤ ስኳሩን አጥፍቶ ፕሮቲኑን ያተርፋል።

ለእኛ አገር ይበልጥ ተስፋ ሰጪው እ.ኤ.አ. በ2016 ሶንግ፣ ከሚንግስና ባልደረቦቻቸው ያሳወቁት ዘዴ ነው። ዋናው ኬሚካል በላንቻም ሆነ በየትኛውም የአዲስ አበባ ሰፈር ሱቅ የሚሸጠው በረኪና፣ ማለትም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። የኤን-ትስስር ሰንሰለቶች በአጭር ጊዜ፣ የኦ-ትስስሮቹ ደግሞ ቆየት ብለው ይላቀቃሉ። ኢንዛይም በቅዝቃዜ ተጓጉዞ በማቀዝቀዣ መቀመጥ ሲኖርበት በረኪና በርካሽና በብዛት ይገኛል። ሆኖም በሙቀትና በብርሃን ኃይሉ ስለሚቀንስ ከሥራው በፊት ጥንካሬው በአዮዲን ታይትሬሽን መለካት አለበት። ከመጠን በላይ ከቆየ ስኳሩንም ያጠፋል፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል።

እንከን የሌለው ዘዴ የለም። ኤን-ትስስርን ብቻ የሚፈልግ ኢንዛይሙን፣ የኦ-ትስስርን ዓይነት ማወቅ የሚሻ ቤታ-ኢሊሚኔሽንን፣ ብዙ ናሙና ይዞ በጀት ያጠረው በረኪናን ይምረጥ። የተላቀቀውን ስኳር ለመለየት እንደ ማስ ስፔክትሮሜትር ያለ ውድ መሣሪያ ማስፈለጉ አይቀርም፤ የማላቀቁ ሥራ ግን በተራ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሊከናወን ይችላል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች ይህን ሙከራ በተማሪዎቻቸው የተግባር ልምምድ ውስጥ ያካትቱት፤ ባለሙያው ቀድሞ ከሠለጠነ መሣሪያው በመጣ ዕለት ሥራ ይጀምራል።