መልዕክቱ ባለ ቁልፉ ስልክ ላይ ይደርሳል?

በገበያ ቀን ወደ ወረዳ ከተማ የሚገባ አርሶ አደር እህሉን ሸጦ ጨውና ቡናውን ከሸመተ በኋላ አንድ ጉዳይ ይቀረዋል፤ ስልኩን ቻርጅ ማስደረግ። መብራት ባልገባባቸው ቀበሌዎች ባለ ቁልፍ ስልክ የሚመረጠው በዋጋው ብቻ አይደለም። አንዴ ከተሞላ ቀናት ይቆያል፤ ከእጅ ቢያመልጥም እንደ ዘመናዊው ስልክ ቶሎ አይሰበርም። ሌሊት ከብት ለማየት ሲወጡ መብራቱ፣ ማታ ደግሞ ሬዲዮው ያገለግላል። ሂሳብ ሲያንስ ሚስኮል አለ። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ “ደርሻለሁ”፣ ሁለቴ ከሆነ “ደውልልኝ” እየተባለ ቤተሰብ አስቀድሞ ይስማማበታል።

ችግሩ የሚመጣው መረጃው ከጽሕፈት ቤት ሲነሳ ነው። የማዳበሪያ ሥርጭት ቀን፣ የምርጥ ዘር መምጣት፣ የተባይ ማስጠንቀቂያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ሆኖ በቴሌግራም ይለቀቃል። ባለሙያው ያየዋል፣ የቀበሌው አመራር ያየዋል። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው አርሶ አደር ግን በእድር ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቀናት ቆይቶ ይሰማዋል። ለስብሰባ ጥሪ ይህ ላያሳስብ ይችላል። ለቢጫ ዋግ ግን ያሳስባል፤ በሽታው በነፋስ የሚዛመት ሲሆን፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲረጭ ነው። በ2003 ዓ.ም. የመኸር ወቅት በስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ያደረሰው ጉዳት አይዘነጋም።

አጭር የጽሑፍ መልዕክት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጣጣ አለው። በእኛ ፊደል የሚጻፍ አንድ መልዕክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። “በመሆኑም ከላይ በተጠቀሰው መሠረት” እየተባለ የተጻፈ ማስታወቂያ ተቆራርጦ ይደርሳል፤ ፊደላችንን በማያነቡ ስልኮች ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ማንበብ የማይችለው አባወራ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቃል። “ቢጫ ዋግ ታይቷል። ዛሬውኑ የስንዴ ማሳችሁን እዩ። ምልክቱ ካለ ለባለሙያ ደውሉ።” ቢባል ግን ከ70 ፊደል አያልፍም።

ማንበብ ለማይችለው ድምፅ ይቀላል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ለዚህ የታሰበ ነው። ጥሪው ነፃ ነው፤ አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች ስለ ሰብል አያያዝ ያስረዳል። የሚያስቸግረው ቁጥር ተጫኑ ሲል ነው። ስልኩን ከጆሮ አውርዶ ቁልፉን እስኪፈልጉ ድምፁ ያልፋል። በማሰልጠኛ ማዕከሉ አንድ ስልክ ላውድ ላይ አድርጎ ሁሉም በየተራ እንዲሞክር ማድረግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቁጥሩንም በማዳበሪያ መጋዘኑ በር ላይ በቀለም መጻፍ ይቻላል፤ ወረፋ የያዘ ሰው ሌላ የሚያነበው የለውም።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ቴሌብርም ኢንተርኔት ሳያስፈልገው በ*127# በባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ቁልፍ መጫን የከበዳቸው ሰዎች ስልኩንም ባለ ስድስት አሃዝ የሚስጥር ቁጥሩንም ለባለ ሱቅ አሳልፈው ይሰጣሉ። ይህ የገንዘብ ሳጥን ቁልፍን ለሌላ ሰው እንደ መስጠት ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ባለቤቱ ራሱ መጫን አለበት፤ ካልቻለ የሚያምነው የቤተሰብ አባል ይጫንለት።

ሌላው ጉዳይ ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። በብዙ ቤት ያለው አንድ ስልክ ከአባወራው ኪስ አይወጣም፤ እሱ ገበያ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። የዶሮ ክትባት ቀን የሚመለከታት እመቤት ቤት ናት። ስለዚህ የቀበሌው መዝገብ የአባወራውን ቁጥር ብቻ ይዞ መቀመጥ የለበትም። የሚስቱን፣ እሷ ስልክ ከሌላት የምታምነውን የጎረቤት ቁጥር፣ ስልኩ ባለ ቁልፍ መሆን አለመሆኑን፣ ጽሑፍ የሚነበብበት ቤት መኖር አለመኖሩን መያዝ ይገባዋል። ይህን የመኸር እርሻ ሳይጀመር፣ ለግብዓት ምዝገባ ቤት ለቤት ሲዞሩ አብሮ መጠየቅ ይቻላል።