ሙቀት የብርቱካንን ትል እንዴት እንደሚያበዛው

ብርቱካናችሁ ሳይበስል ቢጫ እየሆነ ከዛፉ ሥር ሲረግፍ፣ የውሃ ማነስ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ጥቂቱን ፍሬ ሰንጥቃችሁ ተመልከቱ። በልጣጩ ላይ ቀዳዳ፣ በውስጡም ቀላ ያለ ትል ብታገኙ፣ ይህ የአንዲት ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ልጅ ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ ትባላለች፤ በአገራችንም መኖሯ የታወቀ ነው። ከብርቱካን ሌላ ዘይቱንን፣ በርበሬንና ጥጥን ታጠቃለች።

የእሳት እራት እንደ ከብት የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም። አየሩ ሲሞቅ ትሞቃለች፣ ሲበርድ ትበርዳለች፤ ዕድገቷም በዚያው ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። በ1979 እና በ1980 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች እንቁላሉም ትሉም አያድግም። የሚቆጠረው ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት ነው። አማካዩ 17 ዲግሪ ሲሆን ትርፉ 5 ነው፤ 22 ሲሆን ግን 10 ነውና ዕድገቱ እጥፍ ይሆናል። ከእንቁላል እስከ በራሪ እራት በ17 ዲግሪ ከሁለት ወር ተኩል በላይ ሲፈጅ፣ በ25 ዲግሪ አንድ ወር ገደማ ይበቃል።

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው የሙቀቱን ልዩነት በገላው ያውቀዋል። በብርድ አገር ያለው የፖም ትል የብርዱን ወራት ተኝቶ ያሳልፋል፤ የእኛይቱ ግን የዕረፍት ወራት የላትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ያዘገዩአታል እንጂ አያቋርጡአትም።

«ሙቀት ዕድሜዋን ያሳጥረዋልና ራሷ ትሞትልናለች» የሚል ይኖር ይሆናል። ዕድሜዋ ማጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን በ10 ዲግሪ እንቁላል አትጥልም ማለት ሲቻል፣ በ25 ዲግሪ አንዲቱ እናት በመቶ የሚቆጠር እንቁላል በየፍሬው ላይ ትበትናለች። እጅግ የበዛ ሙቀት የእሳት እራትን ዘር ያበላሻል፤ ይህች ግን ቀኑን በጥላ ተደብቃ በሌሊት ስለምትበር በዚህ መተማመን አይገባም።

ትሉ እንደተፈለፈለ ወደ ፍሬው ስለሚገባ መድኃኒት መርጨት ብዙም አይደርስበትም። የሚያዋጣው የወደቀውንና በዛፉ ላይ የታመመውን ፍሬ መልቀም ነው። በሙቀት ወራት ትሉ በሁለት ሳምንት ያህል አድጎ ስለሚወጣ፣ በወር አንድ ጊዜ መልቀም ከንቱ ድካም ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በቀሩት ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ ልቀሙ። የተለቀመውን ከግማሽ ሜትር በማያንስ ጉድጓድ ቅበሩ፣ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። በአጥር ሥር የተጣለ ፍሬ ግን ትሉ ወደ አፈር ወርዶ፣ ድሩን ሠርቶ፣ እራት ሆኖ እንዲመለስ ያደርጋል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምራችሁ ለሁለት ክፈሉ፤ ከዚያ 12 ቀንሱ። በየቀኑ የሚገኘው ትርፍ ተጠራቅሞ 400 ገደማ ሲሞላ አዲስ ትውልድ ደርሷል ማለት ነው። እራቷ ካልተለቀመው ማሳ ወደ ተለቀመው ስለምትሻገር፣ ጎረቤታሞች የመልቀሚያውን ቀን አንድ እንዲያደርጉ አስማሙአቸው።