የጠገራዋ ሴት ለምን ተከናነበች?

አያቶቻችን ጥሎሽ በቆጠሩበት፣ በሬና በቅሎ በገዙበት ጠገራ ብር ላይ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ የምትታየው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ስሟን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ራሷ ላይ ያለውን ነገር ግን ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

ከግንባሯ በላይ በዕንቁ የተደረደረ ጌጥ አለ፤ የንግሥና ምልክቷ ነው። ከጌጡ ኋላ ተነሥቶ ወደ ትከሻዋ የሚወርደው ስስ ጨርቅ ደግሞ የኀዘን ክንብንብ ነው። ባሏ ቀዳማዊ ፍራንሲስ በ1765 እ.ኤ.አ. ሲሞት እንደ አገራችን ሐዘንተኛ ፀጉሯን ተቆረጠች፤ የለበሰችውንም ጥቁር እስክትሞት አላወለቀችም። በወጣትነቷ በተመቱት ብሮች ላይ ይህ ክንብንብ የለም። ዘውድና የመበለት ልብስ በአንድ ራስ ላይ! ከማውቃቸው የገዢዎች ምስሎች ሁሉ ይህን ያህል የሚናገር አላየሁም።

ወደ ጎን መዞሯ ከጥንት ግሪክና ሮም የወረደ ልማድ ነው። ምክንያቱ በከፊል የእጅ ሥራ ነው፤ ስስ ቅርጽ ላይ የሰው መልክ በደንብ የሚለየው ከጎን ነው፣ ፊት ለፊት የተቀረጸ ፊት ደግሞ አፍንጫው ቶሎ ይፋቃል። ከጎን የተቀረጸ ገዢ ግን ይታያል እንጂ ተመልካቹን አያይም፤ ክብሩም ከዚያ ይመጣል።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነገሩ ሌላ ነው። ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ አጋንንትና ከሐዲዎች ናቸው ከጎን በአንድ ዓይን የሚታዩት። ያም ሆኖ ሕዝቡ ባለ አንድ ዓይኗን ንግሥት ከማንም ገንዘብ አብልጦ አመናት። ነጋዴው የጌጧን ዕንቁ አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው፣ እሳቸውም ከጎን፣ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ጠገራን ከገበያ ማስወጣት አልተቻለም።

ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በሮምና በለንደን የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780 ተሸክሞ ወጣ። አገራችን ከገባው ብዙው በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆኗል። ከእናትዎ ሳጥን አንድ ካገኙ እባክዎ አያስቀልጡት፤ ለልጆችዎ ክንብንቡን እያሳዩ ታሪኩን ይንገሯቸው።