የጫጩት ረሃብ ከወዴት ይመጣል?

ከእንቁላል የወጣች ጫጩት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት በሆዷ ውስጥ በቀረው አስኳል ልትቆይ ትችላለች። ከዚያ በኋላ መብላቷንም ሆነ ማቆሟን የሚወስነው አንጎሏ ነው። ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል አንዳንድ ዘረ-መሎች «ብዪ»፣ ሌሎቹ «ይብቃሽ» የሚል መልእክት ያመነጫሉ። ኤንፒዋይ የተሰኘው ዘረ-መል ከመጀመሪያዎቹ፣ ፒኦኤምሲ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነው። ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሡ ሆርሞኖችም ወሬውን ለአንጎል ያደርሳሉ።

እስከዚህ ድረስ ጫጩት ከሰው እምብዛም አትለይም። ልዩነቱ ግሬሊን ላይ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያስታወቁት ይህ የጨጓራ ሆርሞን ሰውን ያስርባል፤ በጫጩት አንጎል ውስጥ ሲገባ ግን፣ በሚያስገርም ሁኔታ፣ መኖ መብላቷን ይቀንሳል። በሰው ወይም በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት ለዶሮ እንዳለ አይሠራም ማለት ነው።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ያለፈ ነው። ለሥጋ የሚረቡ ዶሮዎች በፍጥነት እንዲያድጉ ለብዙ ትውልድ ሲመረጡ የመብላት ፍላጎታቸውም አብሮ ጨምሯል። በ6 ሳምንት ገደማ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ መዝነው ለሚታረዱት ይህ ችግር አይመስልም። እንቁላል እንዲጥሉ ለሚቆዩት ወላጆቻቸው ግን ብርቱ ችግር ነው፤ እንዳሻቸው ቢበሉ ይወፍራሉ፣ ይታመማሉ፣ የሚጥሉት እንቁላልም ያንሳል። በዚህ ምክንያት አርቢው መኖአቸውን በልክ ይሰፍራል፤ እነርሱም ብዙውን ቀን ተርበው ይውላሉ።